ኔጌቲቩ ከእኛ ጋር ይቀራል

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ክርክሩን ከመነሻው እንያዘው። ባለፈው እሑድ በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ይኸ ነበር። ካምፓችንን ሲጎበኝ የሰነበተ አንድ ድርጅት ለክበቡ ፊልም ሊሰጠን፣ ያነሣነውንም በራሱ ወጪ አጥቦና አትሞ ሊመልስልን ፈቃደኛ ነው። በምትኩ ኔጌቲቮቹ ከእርሱ ዘንድ ይቀራሉ፤ እኛም ድርጅቱ ፎቶግራፎቹን በማናቸውም ጊዜ፣ በማናቸውም ቦታ፣ ለማናቸውም ዓላማ ሊጠቀምባቸው ይችላል የሚል ወረቀት እንፈርማለን። ከተሰብሳቢው ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ወገን «ታዲያ ምን አለበት?» አለ። አንድ የምናከብራቸው አባት ደግሞ ከዚህም አልፈው፣ «ቀድሞውንስ ስደተኛ ራሱን በራሱ ፎቶ እያነሣ ለጎረቤት ማሳየቱ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ካሜራይቱ ትሸጥና ለተቸገረ ይሰጥበት» ሲሉ ተናገሩ። ጭብጨባም አገኙ።

እኛ በሁለቱም ሐሳብ አንስማማም። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ነውና፣ የማንስማማበትን ምክንያት ይህች ወረቀት ከቤት ወደ ቤት በምትዞርበት ሳምንት በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የተናገረ ሁሉ እውነት አልያዘም፤ ዝም ያለውም ሁሉ አልተስማማም።

በቅርብ ለገቡ ወገኖች ስለ ካሜራይቱ ጥቂት እንበል። ዜኒት ኢ ትባላለች፤ የሶቪየት ሥሪት ናት፤ ይህ ዓይነት ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ የተሠራ ነው። የእኛይቱ በአንድ ወገናችን ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልላ ድንበር የተሻገረች ናት። ክብደቷ ድንጋይ ነው። ባትሪ አትጠይቅም፤ የብርሃን መለኪያዋም የሚሠራው በራሱ በብርሃኑ ስለሆነ፣ መብራት ለሌለው ሰፈራችን የተፈጠረች ትመስላለች። ፊት ለፊቷ ላይ ያለችው ትንሽ መዘውር ተጠምዝዛ ስትለቀቅ፣ አሥር ሰከንድ ያህል እየተንጣጣች ቆይታ ራሷ ታነሣለች።

የክበባችን ደንብ ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ ነው። ካሜራይቱ በጀሪካን ወይም በተደራረበ ሳጥን ላይ ትቀመጣለች፤ ርቀቱ በገመድ ይለካል፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ከቤት ይወጣና የሚነሣው ብቻውን ከካሜራይቱ ጋር ይቀራል። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ይሳቅ ይኮሳተር የሚነግረው የለም። የታተመው ፎቶ ባለቤቱ ከፈቀደ ከዚህች ወረቀት ጋር በፖስታ ተደርጎ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ይመለሳል፤ አንድ ቅጂ ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ኔጌቲቩ በቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት አራት ጥቅል ባለ 36 ፊልም ጨርሰናል። ከ144ቱ 11ዱ ጠቁረው ወይም ነጥተው ቀርተዋል፤ 133ቱ በደኅና ወጥተዋል። ድርጅቱ የሚጠይቀን እነዚህን ጭምር ነው።

አማርኛችን ፎቶግራፍን እንዴት እንደሚናገረው ልብ እንበል። ካሜራ የያዘው ሰው «ያነሣል»፤ ፊት ለፊቱ የቆመው «ይነሣል»። ቋንቋው ነገሩን ሰውን ከመሬት ቀና እንደማድረግ አድርጎ ነው የያዘው። ታዲያ ድንበር ከተሻገርንበት ዕለት ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነሥተናል? በምዝገባ ተነሣን፤ ለራሽን ካርድ ተነሣን፤ ጣታችንንና የዓይናችንን ብሌን ሰጠን፤ ለቃለ መጠይቅ ፋይል ተነሣን፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር በውሃ ወረፋ ላይ ሳንጠየቅ ተነሣን። የቢሮዎቹ ሁሉም ጉርድ ናቸው። ጉርድ ፎቶ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ስደተኛን አይቶ ይሆን ያሰኛል፤ ከደረት በታች የተቆረጠ፣ እጅ የሌለው፣ የሚቆምበት መሬት የሌለው ሰው ነውና። ከነዚያ ሁሉ ፎቶዎች አንዱ እንኳ በእጁ የሚገኝ ሰው ካለ ይንገረን።

ጉርድ ፎቶን አንቃወምም። ካርድ እንጀራ ነው፤ ካርድ ለማግኘት የምንጋፋውም እኛው ነን። ነገር ግን ማንኛውም ፎቶ ከተነሣ በኋላ የሚያድርበት ቤት አለው፤ ያ ቤት የማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ፖላሮይድ የሚባለው ካሜራ ፎቶውን እዚያው በዚያው አትሞ ስለሚያወጣ በልደትና በሠርግ ላይ የተወደደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በዚሁ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጥቁሮች፣ ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ፣ የኩባንያቸው ዕቃ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በግድ ይይዙት ለነበረው የይለፍ ደብተር ጉርድ ፎቶ ማንሻ መሆኑን ደረሱበት። ያለዚያ ደብተር በገዛ አገሩ ከተማ የተገኘ ጥቁር ይታሰር ነበር። ሁለቱ ሰዎች የሥራ ጓደኞቻቸውን አደራጅተው በግልጽ ተነሡ፤ ሃንተር ከሥራዋ ተባረረች፤ ኩባንያው ሰበብ ሲደረድር ከርሞ በመጨረሻ በ1977 ለደቡብ አፍሪካ መሸጡን አቆመ። እንግዲህ ካሜራው አንድ ነው። በሠርግ ላይ ሙሽራዋ ፎቶዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ በይለፍ ቢሮ ግን ፊቱን የሰጠው ሰው በፊቱ ሲታደንበት ይኖራል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) የናይሮቢው ልጅ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በማይክል በርክ ድምፅ በቢቢሲ ቀርቦ ዓለምን አናወጠ። በዚያ ፊልም ምክንያት እህል መጣ፤ ሰው ተረፈ። ይህን አንክድም። መሐመድ አሚንም እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሲሞት ከልብ ያዘንለት ብዙ ኢትዮጵያዊ ነው። ይሁን እንጂ በየአገሩ ቤት የገባው የኮረም ፊት ስሙን ይዞ አልገባም። ዛሬ ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ፣ ከኢትዮጵያ ነን ስንል ያን ረሃብ የሚያነሣብን ባዕድ አይጠፋም። ሌላ ፎቶ የሌለው ሕዝብ በክፉ ቀኑ የተነሣው ፎቶ መልኩ ሆኖ ይቀርበታል።

«ምን አለበት?» ላለን ወገን አሁን አንድ ሰው እናስተዋውቅ። ሳሙኤል ፎሶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1962 በካሜሩን ከናይጄሪያውያን ቤተሰብ ተወለደ። ሕፃን ሳለ አካሉ ሽባ ስለነበር፣ የሌላው ሰው ሕፃን በልማዱ ፎቶ ሲነሣ አባቱ እርሱን ሳያስነሣው እንደቀረ ራሱ ተናግሯል። የቢያፍራ ጦርነት ልጅነቱን በላው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1972፣ አጎቱ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደሆነችው ባንጊ ወሰደው። በ1975፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ቀን የደንበኞቹን ፎቶ ያነሣል። ማታ በጥቅሉ ጫፍ ላይ ጥቂት ያልተነሣ ፊልም ሲተርፈው፣ እንዲያው ከሚባክን ብሎ መብራቱን አስተካክሎ፣ መጋረጃውን ዘርግቶ ራሱን ያነሣበታል። ሸሚዙ ባለ ሰፊ ኮሌታ፣ ጫማው ባለ ከፍተኛ ተረከዝ፣ ዓይኑ ላይ መነጽር። ፎቶዎቹን ለማን ላካቸው? ናይጄሪያ ለቀረችው አያቱ፣ ደኅና መሆኑን እንድታይ።

ወገኖች፣ ይህን ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ አንብቡት። ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት ልጅ፣ በሰው አገር፣ ከሥራ በተረፈ ፊልም ራሱን አንሥቶ ለአያቱ ይልካል። ልጁን ማን አነሣው? ማንም። ራሱ ተነሣ። እነዚያን ፎቶዎች ለሃያ ዓመት ገደማ ከቅርብ ሰው በቀር ያያቸው አልነበረም፤ በ1994 በባማኮ ዐውደ ርእይ ላይ ቀረቡና ዓለም አወቃቸው። ከዝናው ይልቅ እኛን የሚገርመን ኔጌቲቮቹን ያን ሁሉ ዓመት ማቆየቱ ነው። በ2014 በባንጊ በደረሰው ብጥብጥ ቤቱ ተዘረፈ፤ ፎቶዎቹና ኔጌቲቮቹ መንገድ ላይ ተበተኑ። በዚያ ያልፉ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች አይተው ብዙውን ለቅመው አተረፉለት። በቢሮ ካርቶን ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት የተቀመጠ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ማን የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር?

አባታችን «ጨዋታ» ላሉት መልስ አለን፤ መልሳችንም በአክብሮት ነው። ራስን ማሳየት ኩራት ነው፣ ኩራትም ኃጢአት ነው የሚል ሐሳብ ከንግግራቸው ውስጥ ይሰማናል። ነገር ግን በጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ሥዕሉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያን ሥዕል አይቶ እቴጌይቱ ተጫወቱ ያለ ካህን አልሰማንም። በአገራችን አስታውሱኝ፣ በጸሎት አስቡኝ ማለት ነውር ሆኖ አያውቅም። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሟች ፎቶ ሳይሰቀል፣ እናት ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ሳታነባ ዛሬ የትኛው ድንኳን ነው የሚነሣው?

ባለፈው ዓመት በዚሁ በሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ። ልጆቻቸው ከአገር ቤት በስልክ መርዶውን ሰምተው መጀመሪያ የጠየቁት ፎቶ ነበር። የእናታችን ፎቶ ግን ካርዳቸው ላይ ካለው ጉርድ በቀር አልነበረም፤ ካርዱም ለቢሮ ተመላሽ ነው። ጎረቤቶች ሄደው ቅጂ ለመኑ። ፎቶው የግል መረጃ ስለሆነ አይሰጥም ተባሉ። መልሱን የሰጠው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡን ነገራቸው። ይኸውም ሴትየዋ የገዛ ፊታቸው ለገዛ ልጆቻቸው ምስጢር ሆነ ማለት ነው። አገር ቤት የተቀመጠው ለቅሶ ያለ ፎቶ አለፈ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ በታችኛው ብሎክ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። እርሳቸው በሁለተኛው ጥቅል ተነሥተው ነበር፤ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ኔጌቲቩ ከሳጥኑ ወጥቶ ከተማ ሄደ፤ አድጎ ታተመ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። እኛ ለዚህ ነው ከካሜራይቱ ጋር የምንጣላለት።

ትሸጥ ለተባለው፣ ዋጋዋን ከተማ ጠይቀናል። የሚሰጠን ገንዘብ አንድ ብሎክ ሰው ለሁለት ቀን አያበላም። በሦስተኛው ቀን ረሃቡም አለ፣ ካሜራይቱ ግን የለችም። ፊልም ውድ መሆኑን አንደብቅም፤ ዛሬ ፊልም የሚሠሩ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኮዳክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር። ራሽን በተቆረጠበት ዘመን ፊልም መግዛት ያስከፋል የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። መዋጮው በፈቃድ ነው፤ ማንም ከልጁ አፍ ነጥቆ እንዲሰጥ አልተጠየቀም፤ አይጠየቅምም።

ከሁሉ የሚከብደው የወጣቶቹ ጥያቄ ነው። «ስልክ እያለ ፊልም ለምን?» በስልክ ሰልፊ የሚነሣ ሰው አይተን እናውቃለን፤ አርባ ጊዜ ይነሣል፤ ሠላሳ ዘጠኙን ያጠፋል፤ የቀረችውን ያቀላል፣ ያለሰልሳል፣ ይልካል። መብቱ ነው። የላከው ግን የት እንደደረሰ፣ ማን ዘንድ እንዳደረ አያውቅም። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ፎቶው አብሮ ይሄዳል፤ በዚህ ካምፕ ደግሞ ስልኩን ለዱቄት ያልሸጠ ስንት ሰው ነው? ኔጌቲቭን ማንም አይገዛውም፣ ማንም አይሰርቀውም። ባትሪ የለው፣ የይለፍ ቃል የለው፤ ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ፀሐይ ማንሣት ይበቃል፣ ሰውየው እዚያው አለ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ያየነው በሥራው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ሰው ያስባል። ማጥፋት የለም፤ ወዲያው ማየት የለም፤ እንዴት እንደወጣ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። አንዲት እህታችን ተራዋ ሲደርስ ሦስት ቀን ይሰጠኝ አለችና በሦስተኛው ቀን የስፌት መኪናዋን አሸክማ መጣች። አገር ቤት መምህር የነበረ ወንድማችን ጥቁር ሰሌዳ ስለሌለ በሩ ላይ በጠመኔ ክፍልፋይ ጽፎ ከጎኑ ቆመ፤ ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ያረጋገጡ ተማሪዎች አሉ። አንድ ወጣት ለካሜራይቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ፖስታው ሲዞር ግን ከሁሉ ፎቶ የእርሱ ላይ ሰው ብዙ ቆየ። እነዚህን ሰዎች ከነዚያ የውሃ ወረፋ ፎቶዎች ጋር አስተያዩአቸው፤ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

የወጣቱ ጀርባ ወደ ሌላው ስጋት ይወስደናል። በመካከላችን የሚፈለግ ሰው አለ፤ ዘመዶቹ አገር ቤት የሚጠየቁበት አለ። የእርሱ ፊት ክፉ እጅ ቢገባስ? ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ በስብሰባው ላይም በቂ ጊዜ አልተሰጠውም። ነገር ግን ስጋቱ ከእኛ ጎን ቆሞ ይከራከራል። በማናቸውም ቦታ ለማናቸውም ዓላማ የሚል ወረቀት የፈረመ ሰው ፊቱ በየትኛው ግድግዳ፣ በየትኛው ጋዜጣ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በሳጥናችን ያለ ኔጌቲቭ ግን ባለቤቱ ሲሻው መጥቶ ወስዶ ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለት ሰዎች እንዲህ አድርገዋል። አንድ ጉድለት አለብን፤ የታተመውን ፎቶ ሰው በስልኩ ቢያነሣው ሳጥናችን ከንቱ ነው። ስለዚህ የሌላውን ፎቶ በስልክ የቀዳ ሰው ፖስታው ዳግመኛ ቤቱ እንዳይደርስ ደንብ እንዲወጣ እንጠይቃለን።

እዚህ ላይ እኛም የምንነቅፈው አለ። ጃኬት ተበድሮ፣ የሰው መኪና ተደግፎ፣ «ኑሮ ተመችቶኛል» በሚል ፎቶ አገር ቤት የሚልክ ሰው በመካከላችን አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለእርሱ ቀላል ነው፤ ነገሩ ከማድመቅ አልፏል። ያን ፎቶ ያየ ታናሽ ወንድም በሬ ሸጦ፣ ደላላ ይዞ በረሃ ይገባል። የማጌጥ ጠላቶች አይደለንም። በባማኮ ሴይዱ ኬይታ በፎቶ ቤቱ ለደንበኞቹ የእጅ ሰዓትና ሬዲዮ ያውስ ነበር፤ ፎሶም ለአያቱ የላከው ጌጠኛ ልብስ ለብሶ ነው። መዋብ ሌላ፣ በፎቶ ወንድምን ወደ በረሃ መጥራት ሌላ። በዜኒቷ ፊት የተበደረ ጫማ ያደረገ ሰው ካለ ያድርግ፤ መኪና ግን ከቤት ውስጥ አይገባም።

ኬይታን ካነሣን ስለ ስም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ በተከፈተ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ የእርሱ ፎቶግራፎች አንሺው ያልታወቀ ተብለው ነበር የተሰቀሉት። ሰውየው ባማኮ ውስጥ በሕይወት ነበር፤ ኔጌቲቮቹም ከእርሱ ዘንድ ነበሩ። ስሙ የተመለሰለት ከዚያ በኋላ ፈልገው ቤቱ ድረስ ሲመጡ ነው። ኔጌቲቩ ባይኖረውስ በምን ያስረዳ ነበር? ድርጅቱ ባመጣው ወረቀት ላይ ፎቶው ሲታተም የማን ስም እንደሚጻፍ አንድ መስመር የለም። ደጋግመን ፈልገናል።

ድርጅት ሁሉ ጠላት ነው አላልንም። በቱርክ፣ በሶርያ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በማርዲን፣ ከኮባኒ የተሰደደው ፎቶግራፍ አንሺ ሰርበስት ሳሊህ በአንድ ድርጅት ሥር ለስደተኛና ለአካባቢው ልጆች የፊልም ካሜራ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ ያነሡ ነበር፤ ጨለማ ክፍል ገብተውም ፊልማቸውን በገዛ እጃቸው ያጥቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፎቶዎቻቸው መጽሐፍ ሆነው ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ድርጅት ይምጣ፤ ቡና አፍልተን እንቀበለዋለን።

ቡና ካልን ዘንድ፣ አጥቦ የሚመልስልን ከሌለ ምን እናደርጋለን ለሚለው መልሱ ከዚያው ከቡናው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም መምህሩ ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ በውሃ በሚሟሟ ደረቅ ቡናና በማጠቢያ ሶዳ ጥቁርና ነጭ ፊልም እንደሚታጠብ አሳየ፤ በኋላ ቫይታሚን ሲ ተጨመረበትና ይበልጥ ጎላ። ሦስቱም ከተማ ሱቅ ይገኛሉ። (የጀበናችንን ቡና ማንም አይንካብን፤ የሚያስፈልገው ያ የዱቄቱ ነው።) ምስሉ ብርሃን ሲያይ እንዳይጠፋ የሚያጸናው ሃይፖ የሚባለው ኬሚካል ግን ከከተማ ፎቶ ቤት መገዛት አለበት፤ ለእርሱ ምትክ አላገኘንም። ፊልሙን ከጥቅሉ አውጥቶ ብርሃን በማያስገባው ማጠቢያ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በብርድ ልብስ ሥር ይቻላል። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ ውሃው 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ የእኛ አገር ቀትር ያን አያውቅም። ስለዚህ በእንስራ ባደረ ውሃ፣ ጎህ ሳይቀድ። በአንድ አሮጌ ቁራጭ ሞክረነዋል፤ ምስሉ ትንሽ ጠይም ሆኖ ወጣ፣ ወጣ ግን። ማተሚያ ወረቀትና ማሳደጊያ ስለሌለን ፎቶ ማተሙ ለጊዜው ከተማ ይቀራል፤ ኔጌቲቩን ወስዶ ቆጥሮ የሚመልሰው ግን ከእኛው አንዱ ይሆናል።

ስለዚህ ለእሑድ የምናቀርበው ይኸ ነው። ለድርጅቱ ሰዎች በትሕትና ይነገራቸው፤ ፊልም በስጦታ ቢሰጡን እንቀበላለን፤ አንድ ፎቶ ከፈለጉም ባለቤቱን ጠይቀው፣ የት እንደሚወጣ ነግረው፣ ስሙን እርሱ በፈለገው መልክ ጽፈው የታተመ ቅጂ ይውሰዱ። ኔጌቲቭ አይወጣም፤ ጥቅል ፈቃድ አይፈረምም። የቆርቆሮው ሳጥን ከአንድ ሰው ቤት ወጥቶ ሁለት ቁልፍ ይደረግለት፤ አንዱ በእናቶች ማኅበር፣ አንዱ በክበቡ ይያዝ። በክረምት እርጥበት እንዳይገባው የተቆላ ሩዝ በጨርቅ ቋጥሮ ከውስጥ ማኖር እንደሚረዳ አንድ ባለሙያ ነግሮናል። በፎቶው ጀርባ ስምና ቀን ይጻፍ፤ ስሙን የማይፈልግ ምልክት ያድርግ።

ዜኒቷ ውስጥ ያለው አምስተኛ ጥቅል 19ኛው ላይ ቆሟል፤ 17 ይቀራል። ሰባቱ ገና ላልተነሡ አረጋውያን ተይዘዋል፤ ዘጠኙ በዝርዝሩ ተራ ይሄዳሉ። የቀረችው አንዲቱ ካሜራይቱ ትሸጥ ላሉት አባታችን ናት። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብርሃኑ በምዕራቡ በር በኩል ጥሩ ነው፤ ጀሪካኑም ገመዱም ተዘጋጅቷል፤ እርሳቸው ሲገቡ እኛ ከቤት እንወጣለን።